ከመምህር ፍለጋ እስከ ዩኒቨርሲቲ ምደባ፦ የጋዜጠኝነት ትምህርት ታሪክ ከአዲስ ቅዳም ሲታይ

ጋዜጠኝነትን በመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር የሚሻ ወጣት የትኛውን ተቋም ይምረጥ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ዕድሜው አጭር ነው። የአማርኛ ጋዜጣ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ሙያውን በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምሩ ክፍሎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተከፈቱት በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ጋዜጠኝነትን የተማረው በሥራው ላይ ወይም በውጭ አገር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ደግሞ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚያገኘው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው፤ ስለዚህ በአገሪቱ የጋዜጠኝነት ታሪክ ውስጥ ተማሪው መምህሩንና ትምህርት ቤቱን ራሱ የመረጠበትን ዘመን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ይበልጥ የሚያስተዛዝበው በጎጃም ምድር የመምህርን ዝና ሰምቶ፣ ወንዝ ተሻግሮና አገር አቋርጦ፣ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ መማር ከዘመናዊው ትምህርት በእጅጉ የቀደመ ልማድ በመሆኑ ነው። አዲስ ቅዳምን መነሻ አድርጎ ይህን ታሪክ መመርመር የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ ቅዳም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ትገኛለች። አካባቢው ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይመረትበታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ዲከረንስ የሚባለው ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ ለከሰል እየተተከለ የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኗል። በቤቱ አዊኛ፣ በገበያውና በቢሮው ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሰው የሚበዛበት አገር መሆኑም ከዚህ በታች ለሚነሣው ጉዳይ ትልቅ ክብደት አለው። ጋዜጣም ሬዲዮም ባልነበረበት ዘመን የዚህ አገር ሕዝብ ወሬ የሚለዋወጠው በገበያ ቀን ነበር፤ የመንግሥት ትእዛዝም ነጋሪት እየተጎሰመ፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ በሚያዘው በአዋጅ ነጋሪው አንደበት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያ ይነገር ነበር። አዋጅ ነጋሪው የገዢውን ቃል ወደ ሕዝብ ሲያወርድ፣ የሕዝቡ ቃል ደግሞ በአዝማሪው ግጥምና በእረኛው ዘፈን ወደ ላይ ይወጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። የዜና ሥራ ሁለቱ ወገኖች፣ ማሳወቅና ማድመጥ፣ ከኅትመት በፊትም የየራሳቸው ባለሙያ ነበራቸው ማለት ነው።

የእነዚህ ባለሙያዎች ሥልጠና በትምህርት ቤት የሚሰጥ አልነበረም። ቃልን እንደ ሙያ የሚያስተምረው ተቋም ሌላ ነበር፤ እርሱም የአብነት ትምህርት ቤት፣ በተለይም ቅኔ ቤት ነው። የአብነት ትምህርት ማለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥር ከንባብና ከዳዊት መድገም ተነሥቶ በዜማ፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የሚፈጸመው ሥርዓት ሲሆን፣ ቅኔ ደግሞ በግእዝ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ የሚደረስ፣ ላይ ላዩን አንድ፣ ውስጡን ሌላ ትርጉም የሚይዝ ግጥም ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጎጃም የቅኔ አገር ሆኖ ኖሯል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የሚባሉት ስሞች በመላ አገሪቱ ካሉ ተማሪዎች ጆሮ ይደርሱ ነበር።

ተማሪው ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄደው ተመድቦ አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየመንደሩ በማርያም ስም ቁራሽ እየለመነ የሚጓዘው፣ እገሌ የሚባሉ መምህር በዚህ ደብር ወንበር ዘርግተዋል የሚለውን ዜና ሰምቶ ነው። ቦታው የሚፈለገው በመምህሩ ምክንያት ነበር፤ መምህሩ ሲሞቱ ወይም ሲዛወሩ ጉባኤው፣ ማለትም በእርሳቸው ዙሪያ የተሰበሰበው የተማሪ ማኅበር፣ ይበተናል ወይም ተከትሏቸው ይሄዳል። ተማሪው በአንድ መምህር የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ፣ በሌላ ሙያ የታወቁ ሌላ መምህር ፍለጋ ይነሣል፤ ለቅኔ ጎጃም የከረመው ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሻገራል። እንዲህ ያለው ምርጫ ስሕተት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ረኀብና በሽታ ብዙ ተማሪ በመንገድ አስቀርተዋል፤ ሴቶችም ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ዕድል ውጪ ነበሩ። ነገር ግን መስፈርቱ ግልጽ ነበር፦ ማን ያስተምራል? ከእርሱ ተምረው የወጡትስ ምን ችለዋል?

የቅኔ ቤት የማስተማሪያ ዘዴም ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ተማሪው ቀኑን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም አስቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ወይም አስነጋሪ ለሚባለው ከፍ ያለ ተማሪ ያሰማል፤ ቃሉ ያልገጠመ፣ ምስጢሩ የተፋለሰ ከሆነ እዚያው ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። በየዕለቱ አዲስ ነገር ማዘጋጀት፣ በቀነ ገደብ ማቅረብ፣ በባልንጀሮች ፊት መታረምና የታረመውን ሳይቀየሙ መቀበል በዜና ክፍል ውስጥ በዘጋቢና በአርታኢ መካከል የሚደረገው ሥራ ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጋዜጣ ጸሐፊዎች ከየት እንደመጡ ሲታይ ይህ ተራ ተመሳሳይነት እንዳልሆነ ይታወቃል።

አእምሮ የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በ1890ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ፣ አንድሬያስ ካቫዲያስ በሚባሉ የግሪክ ተወላጅ አዘጋጅነት ወጣ፤ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ የሚዳረስ ነበር። በ1914 የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ተቋቋመ፤ በ1917 ደግሞ በዚያው ስም የሚጠራው ጋዜጣ መታተም ጀመረ። የጋዜጣውም ሆነ የማተሚያ ቤቱ ሥራ የተያዘው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በበሰሉ፣ ከዚያም የውጭ ቋንቋ በጨመሩ ሰዎች ነበር፤ የዘመኑ የጽሕፈት ሥራ ዐምድ የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው የአብነት ትምህርት ቤት ፍሬ ናቸው። ጋዜጠኝነትን ብቻ ለማስተማር የተቋቋመ ትምህርት ቤት በአገሪቱ አልነበረም፤ በዓለምም ቢሆን ሐሳቡ ገና ትኩስ ነበር። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ ጆሴፍ ፑሊትዘር በተዉት ገንዘብ የተመሠረተው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። የሚዙሪው ትምህርት ቤት አንድ ልዩ ነገር ነበረው፤ ትምህርት በተጀመረበት ቀን ተማሪዎቹና መምህራኑ አብረው የሚያዘጋጁት፣ የከተማውን እውነተኛ ዜና የሚዘግብ ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ትምህርቱና ሥራው ከመጀመሪያው አልተለያዩም።

በዚህ ዘመን የአዊ አገር ከዜና ምንጭነት አልፎ የዜና ተቀባይ ለመሆን አልበቃም ነበር። ከ1917 እስከ 1926 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያጠናውን፣ ስለ አካባቢው ያየውንና የሰማውን ወደ አገሩ ሲጽፍ፣ በኋላም በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ የዳንግላና የአዲስ ቅዳም ሰው ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን የሚያነብበት መንገድ አልነበረውም። የታተመ የአማርኛ ዜና በብዛት ወደ ጎጃም የገባው በጦርነት ምክንያት ነው። በጣሊያን ወረራ መጨረሻ፣ በ1932 እና በ1933፣ በካርቱም የሚታተመው «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣና የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ያለባቸው በራሪ ወረቀቶች በአውሮፕላንና በሰው እጅ ወደ ጎጃም ይላኩ ነበር። የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይመራ የነበረው ጆርጅ ስቲር ቀድሞ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ በ1928 የአዲስ አበባን መያዝ፣ በኋላም በስፔን የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሳወቀ ሰው ነው። የእርሱ ሥራ በጎጃም ጋዜጠኝነት አልነበረም፤ በጠላት ጦር ውስጥ ያሉትን ወታደሮች ማስከዳትና አርበኞችን ማበርታት ነበር። ዓላማው ቅዱስ ቢሆንም፣ የታተመ ቃል በአካባቢው የታወቀው ከመንግሥት ለሕዝብ እንደሚወርድ መልእክት ሆኖ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ይህ መልክ ለብዙ አሥርት ዓመታት አልተለወጠምና።

ከድሉ በኋላ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 መታተም ጀመረ፤ ኢትዮጵያን ሄራልድ በ1935 ተከተለ። ለእንግሊዝኛው ጋዜጣ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ በበቂ ስላልተገኘ፣ አዘጋጆቹ ለረጅም ጊዜ እንደ አፍሪካ አሜሪካዊው ዊልያም ስቲንና እንደ ጉያና ተወላጁ ዴቪድ ታልቦት ያሉ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጥቅምት 1957 ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ቀደም ብሎም በየካቲት 1955 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን በአዲስ አበባ ሲከፍት፣ የባለሙያ ፍላጎቱ ይበልጥ ጨመረ። በ1943 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1954 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግም፣ ሕግና ሕክምና፣ ምሕንድስናና ማስተማር ሲስፋፋበት ጋዜጠኝነት ግን ራሱን የቻለ ፋኩልቲ አላገኘም። በዚሁ ወቅት ናይጄሪያ በንሱካ ዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ የጋዜጠኝነት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ኬንያ ደግሞ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1970 እ.ኤ.አ. ከፍተዋል። ኢትዮጵያ በማስተማሩ ወደ ኋላ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ዜና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራ ተደርጎ መታየቱ ነው፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገውን ጥቂት ሰው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይከፍቱ፣ እየመረጡ ወደ ውጭ በመላክ ማግኘት ይቻላል።

የዚያ ዘመን ሁለት ጸሐፊዎች ሁለቱን መንገዶች ይወክላሉ። አቤ ጉበኛ ከአዊ አገር ጎን በምትገኘው አቸፈር ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት የሠሩ ሲሆን፣ በ1955 ባሳተሙት «አልወለድም» በተባለው ልብ ወለድ የመንግሥትን ቁጣ ያስነሡ ደራሲ ናቸው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ለሙያው ያበቃቸው የጎጃም የቃል ትምህርትና የራሳቸው ድፍረት ነበር። በዓሉ ግርማ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የተማሪዎችን ጋዜጣ አዘጋጅተዋል፤ ከዚያም በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተው ተመልሰው መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንንና ሄራልድን አዘጋጅተዋል። በ1975 «ኦሮማይ» ታትሞ ከታገደ በኋላ በየካቲት 1976 ከወጡበት ሳይመለሱ ቀሩ። ሁለቱን በማነጻጸር የሚደረስበት ፍርድ ዲግሪ አያስፈልግም የሚል ሊሆን አይችልም። አንዱ ከቅኔ ቤት፣ ሌላው ከዩኒቨርሲቲ ቢመጡም፣ ሁለቱም በሥራው ከመሰማራታቸው በፊት በየጊዜው የሚጽፉበትና የሚታረሙበት ቦታ ነበራቸው፤ ለአንዱ ጉባኤው፣ ለሌላው የተማሪዎች ጋዜጣው።

በደርግ ዘመን መላኩ ቀጠለ፤ አቅጣጫው ብቻ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሞስኮና ላይፕሲግ የኢትዮጵያ ጋዜጠኞች መማሪያ ሆኑ፤ ብሥራተ ወንጌል በመጋቢት 1969 ተወርሶ የመንግሥት ድምፅ ሆነ፤ ጋዜጠኛውም የአብዮቱ ቀስቃሽ ተደርጎ ተቆጠረ። ማን ለትምህርት እንደሚላክ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱና ፓርቲው ስለነበሩ፣ ከገጠር ከተማ የሚነሣ ወጣት በራሱ ፈቃድ ጋዜጠኝነትን ልማር ብሎ የሚያመለክትበት በር አልነበረም።

በሩ የተከፈተው ከ1983 በኋላ ነው። በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር፣ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በአንድ ጊዜ ፈሉ፤ አብዛኞቹ አዘጋጆች ግን ሙያውን የተማሩ አልነበሩም፤ የተማሩትም በመንግሥት ቤት የሠለጠኑ ነበሩ። ክፍተቱን ለመሙላት በ1980ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከግሉ ዘርፍ ዩኒቲ ኮሌጅ፣ በኋላ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋዜጠኝነትን በማስተማር ፈር ቀዳጅ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ድጋፍ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲጀምር፣ ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩቱም በዩኒቨርሲቲው ተጠቃልሎ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ሆነ። መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን ክፍል ከፈቱ። ከፍ ያለው ደረጃ ከዝቅተኛው ጋር ጎን ለጎን መጀመሩ ለሙያው ጠቃሚ ነበር፤ በክልል የተከፈቱት ክፍሎች ከመምህራኖቻቸው ብዙዎቹን ያገኙት ከዚያ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከወጡት ነውና።

ይሁን እንጂ ክፍሎቹ የተከፈቱት የሥራው ሜዳ በጠበበበት ወቅት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በርካታ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞችም ታሰሩ፤ ተሰደዱ። በአንጻሩ መንግሥት ከ2001 ወዲህ የኮሙኒኬሽን ጉዳዮች መዋቅሩን ከፌዴራል እስከ ወረዳ ዘረጋ፤ ለጋዜጠኝነት ምሩቃንም ከዜና ክፍሎች ይልቅ ሰፊው ቀጣሪ ይህ መዋቅር ሆነ። እንደ ፋግታ ለኮማ ባለ ወረዳ ለሚመለስ ምሩቅ የሙያው መጀመሪያ የሚሆነው የሕዝብ ግንኙነት ሥራ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤትን ክንውን ለሕዝብ የማስተዋወቅ ሥራ ነው። ሥራው የተከበረ ነው፤ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ሥርጭትና ስለ መንገድ ግንባታ ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ከጋዜጠኝነት ይለያል፤ የአንዱ ባለሙያ የሚናገረው ስለ ቀጣሪው ሲሆን፣ የሌላው ባለሙያ ግዴታ ለአንባቢው ነው። ተማሪዎች ሁለቱን በአንድ ስም በተጠራ ክፍል ውስጥ ሲማሩ ልዩነቱ ሳይገለጥላቸው የሚመረቁ ከሆነ፣ የአዋጅ ነጋሪው ሙያ ብቻ ቀርቶላቸው «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ጠፍቶባቸዋል ማለት ነው።

የዛሬው ተማሪ ወደዚህ ትምህርት የሚደርሰው በረጅም ወንፊት ውስጥ አልፎ ነው። በአዲስ ቅዳም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን የመረጠ ወጣት በቅድሚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ አለበት። ፈተናው ከጥቅምት 2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ ዙር ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያለፈው ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል፤ ሚኒስቴሩም በውጤቱ፣ በምርጫውና በተቋማቱ የመቀበል አቅም መሠረት ይመድበዋል። ከ2012 ጀምሮ በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ምክንያት ደግሞ ተማሪው የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከደረሰ በኋላም ወዲያውኑ ጋዜጠኛ አይሆንም፤ የጋራ ኮርሶቹን ጨርሶ፣ ባገኘው ውጤት ተወዳድሮ የትምህርት ክፍል ይመርጣል። ስለዚህ ጋዜጠኝነትን የሚሻ ወጣት ክፍሉ ወደሌለበት ዩኒቨርሲቲ ሊመደብ፣ ክፍሉ ባለበትም ወደ ሌላ ሊገፋ ይችላል፤ ጋዜጠኝነትን በሕልሙ ያላሰበውም በውጤቱ ምክንያት እዚያ ሊገኝ ይችላል። ከ2000 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት፣ ሰባ በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚያከፋፍለው ፖሊሲም ይህን ሜዳ ቀድሞ አጥብቦት ነበር።

የምደባ ሥርዓቱ ያለ በጎ ምክንያት አልመጣም። የአዲስ ቅዳም ገበሬ ልጅ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ ምግብና መኝታ ተሰጥቶት፣ ከአዲስ አበባው ነጋዴ ልጅ ጋር በአንድ ዶርም እንዲማር ያስቻለው ይህ ሥርዓት ነው፤ ቁራሽ እየለመነ ይማር የነበረው ተማሪ ያላገኘው ዕድል ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ተማሪው ቅጹን ሲሞላ የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የከተማውን ርቀትና የአየሩን ጠባይ እንጂ ማን እንደሚያስተምረው አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ምክንያት የመንገዱ መዘጋትና መከፈት ራሱ ከምርጫው መስፈርቶች አንዱ ሆኗል፤ ይህም ለወላጅ ከባድ ሥጋት ነው።

ያለፈው ታሪክ ለዚህ ተማሪ የሚሰጠው መመዘኛ አለ። የተቋም ስም ብቻ ዋስትና አለመሆኑ በሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው በተሰጠው የመውጫ ፈተና ታይቷል። የመውጫ ፈተና ማለት ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪውን ለማግኘት ከመቶ 50 ማምጣት ያለበት አገር አቀፍ ፈተና ሲሆን፣ በዚያ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከመቶ 62 ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ ከመቶ 17 ገደማ ብቻ አልፈዋል። ለግል ኮሌጅ ለመክፈል መሬቱን ለሚያከራይ ወይም የዲከረንስ ዛፉን ለሚሸጥ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ኮሌጁ በዚያው የትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ሳይጠይቁ መመዝገብ አይገባም። ፈተናው ግን የሚለካው ንድፈ ሐሳብን ነው፤ ዜና መጻፍን፣ ምንጭን ማመሳከርን፣ ሰው ማነጋገርን በምርጫ ጥያቄ መለካት አይቻልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ተማሪው በየሳምንቱ የሚሠራበትና የሚታረምበት መድረክ ነው። በጅማ፣ በሐረማያና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው፤ የሚዙሪ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ያገኙትን ለኢትዮጵያዊው ተማሪ በጥቂቱም ቢሆን ይሰጣሉ።

ከአዲስ ቅዳም ለሚነሣ ተማሪ ግን ሚዛኑ ወደ ባሕር ዳር ያጋድላል፤ ምክንያቱም ቅርበቱ ብቻ አይደለም። ከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም፣ ዋናው ነገር በ1987 በኵር ጋዜጣን ማሳተም የጀመረው፣ ቀድሞ የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት፣ ዛሬ አሚኮ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫው እዚያ መሆኑ ነው። ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአንድ ከተማ ያሉት ተቋም ለተግባር ልምምድ ለሚወጣ ተማሪ፣ ማለትም ከክፍል ወጥቶ በባለሙያ ሥር ለተወሰነ ጊዜ ለሚሠራ፣ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነው። ተቋሙ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛም የሚያሰራጭ ሲሆን፣ በቤቱ አዊኛ የሚናገር፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በዚሁ ቋንቋ የተማረ የአዲስ ቅዳም ወጣት ለዚህ ክፍል የሚያመጣውን ችሎታ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ በአራት ዓመት ሊደርስበት አይችልም። የሁለት ቋንቋ ባለቤትነት በሥራ ማመልከቻ ላይ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጻፍ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ በአዊኛ የሚጽፍ፣ የአዊኛ ቃለ መጠይቅን በትክክል የሚተረጉም፣ የገበሬውን አነጋገር ሳያዛባ ወደ አማርኛ የሚመልስ ጋዜጠኛ ለዞኑ ከብዙ ነገር በላይ ያስፈልገዋል። ከ2010 ጀምሮ ተማሪ መቀበል የጀመረው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በደጃፉ ስላለው ሕዝብ ቋንቋና ታሪክ የሚያካሂደው ጥናት በጨመረ ቁጥር፣ ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የሚሰጠው ድጋፍ ይጨምራል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል፤ ይህም የመምረጥ መብት ለተማሪው በከፊል መመለሱን ያሳያል። ዋና ከተማዋ የብሔራዊና የውጭ መገናኛ ብዙኃን መናኸሪያ ስለሆነች፣ በአገር አቀፍ ጋዜጣ ወይም በእንግሊዝኛ መሥራት ለሚፈልግ ተመራጭ ናት፤ ወጪው ግን ከአራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ከባድ ነው፤ የአዊኛ ችሎታውም በዚያ ሜዳ ብዙ አይፈለግም።

ምርጫው እንደ ቀድሞው በመምህር እንዲሆን ከተፈለገ፣ መምህሩ መታወቅ አለበት። ጋዜጠኝነትን የሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የመምህራኖቻቸውን ስም፣ በዜና ክፍል የሠሩበትን ዘመን፣ የስቱዲዮአቸውንና የተማሪዎች ጋዜጣቸውን ሁኔታ፣ ተማሪዎቻቸው ለልምምድ የሚላኩበትን ተቋምና ተመራቂዎቻቸው የተቀጠሩበትን ሥራ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው፣ ተማሪዎች የምርጫ ቅጽ ከሚሞሉበት ጊዜ በፊት ለአዲስ ቅዳም፣ ለዳንግላና ለእንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊልኩ ይገባል። የየትምህርት ቤቱ የአማርኛና የአዊኛ መምህራንም ይህን ገጽ በክፍል ውስጥ አንብበው፣ ለሙያው ዝንባሌ ያላቸውን ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች ቅጹን ከመሙላታቸው በፊት እንዲያማክሯቸው ይጠየቃሉ።